በደረት ተኝቶ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር፦ ፈጣን ዚፕላይን ለምትወጡ

ዚፕላይን፣ ማለትም ከተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል መንሸራተቻ፣ ሊወጣ ያሰበ ሰው በአብዛኛው የሚፈራው አንዷን ቅጽበት ነው፤ በሩ ተከፍቶ ሰውነት ወደ ባዶ የሚለቀቅባትን። እሷ ግን ከእናንተ ምንም አትጠይቅም። ገመዱ የተወጠረው፣ ቁልቁለቱ የተለካው፣ ፍሬኑ የተገጠመው አስቀድሞ ነው። ከተለቀቃችሁ በኋላ በእጃችሁ የሚቀረው የሰውነታችሁ አቀማመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ከመለቀቃችሁ በፊት ያለውን ይመለከታል፦ ሚዛኑን፣ ልብሱን፣ የማንጠልጠያ ቀበቶውን፣ ንፋሱን።

ለምሳሌ የወሰድነው በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች፣ ራስ አልኸይማ ያለውን የጀበል ጃይስ ዚፕላይን ነው። ዱባይ ወይም ሻርጃ የሚሠራ ሐበሻ በአንድ የእረፍት ቀን ደርሶ ይመለስበታል። ገመዱም እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ሲከፈት ጊነስ 2,831.88 ሜትር ለክቶ የዓለም ረጅሙ ብሎ መዝግቦታል። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ኦሮኮቪስ ላይ በተዘረጋው የቶሮ ቬርዴ ገመድ የተያዘ ነበር። የጀበል ጃይሱ መነሻ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሰው በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይለቀቅና በሰዓት ከ120 እስከ 150 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሸለቆውን ያቋርጣል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ዌልስ ውስጥ፣ ቤተስዳ አጠገብ በሚገኘው የፔንሪን የድንጋይ ካባ ላይ የተዘረጋውን ታገኛላችሁ። እሱ ርዝመቱ ግማሽ ያህል ነው፤ በፍጥነት ግን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ምክሩ ለሁለቱም አንድ ነው።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?

የተወጠረ ገመድ ከሩቅ ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ አይደለም። በራሱ ክብደት መሃሉ ይረግባል፤ ሰው ሲንጠለጠልበት ደግሞ ይብስበታል። በዚህ የተነሳ መነሻው ላይ ቁልቁለቱ የበረታ ነው፣ ወደ መሃል ይለዝባል፣ መድረሻው አጠገብ ገመዱ ጠፍጣፋ ይሆናል ወይም ጥቂት ሽቅብ ይወጣል። የመጀመሪያው ፍሬን ይኸው ሽቅቡ ነው። ሌላው ፍሬን ሁሉ ከእሱ የተረፈውን ፍጥነት ነው የሚበላው።

አየር ባይኖርና ገመዱ ባይፋተግ 100 ሜትር ቁልቁል የወረደ ሰው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። ረጅም የተራራ ገመድ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቁልቁለት አለው፤ ሰው ግን ከልክ በላይ የማይፈጥነው አየሩ ስለሚይዘው ነው። የአየሩ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስትገቡ ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ አየር አራት እጥፍ ይሆናል። ተቀምጣችሁ ብትወርዱ ደረትና ጉልበታችሁ ያንን ሁሉ ይቀበሉታል። በደረት የሚያስተኙት ለፎቶ ማማር ብቻ አይደለም፤ ንፋሱ የሚያገኘው ራስና ትከሻ ብቻ እንዲሆን ነው።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ባሉ ገመዶች ላይ እኩል ቢለቀቁ የሚቀድመው ከበድ ያለው ነው። ወደ ታች የሚስበው ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ንፋሱን የሚቀበለው ገላው ግን የዚያን ያህል አይሰፋም። በቡና ልትወራረዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ውጡ።

ቦታ ስታስይዙ

ጀበል ጃይስ ከባሕር ዳርቻው በአሥር ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ቢሆንም በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ቀበቶ ታጥቆ ተራ መጠበቅ ቀልድ አይደለም። ደኅናው ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ከተቻለ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ። ተራራ ላይ ፀሐይ ድንጋዩን ካሞቀችው በኋላ ከሸለቆው የሚነሳው ንፋስ ይበረታል፤ በረራ የሚሰረዘው ወይም የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስታስይዙ በንፋስ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ ወይስ ቀኑ ብቻ ይቀየር እንደሆነ አንብቡ። ለእረፍት ቀን ተለምኖ ፈቃድ የተወሰደ ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው።

ከበረራው ሰዓት ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ከዱባይ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የመጨረሻው ክፍል ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ነውና የሚያጥወለውለው ሰው ከፊት ይቀመጥ። ጆሮ ሲደፈን መዋጥ ወይም ማስቲካ ማኘክ ይከፍተዋል። መኪና የሌላችሁ፣ መመለሻችሁን ሳታረጋግጡ አትውጡ፤ አናቱ ላይ ታክሲ ቆሞ አይጠብቅም።

ምግብን በተመለከተ የሚሰማ ምክር ሁሉ «ምንም ሳትበሉ ሂዱ» የሚል ነው። እኛ አንስማማም። ባዶ ሆድ፣ ጠመዝማዛ መንገድና ድንጋጤ ሲደራረቡ ነው ሰው የሚያዞረው። ከሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር ብሉ፦ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ሙዝ። ሽሮ በእንጀራን ለማታ አቆዩት። በደረት ስትተኙ ቀበቶው ሆድና ደረትን ደግፎ ይይዛል፤ የተነፋ ሆድ እዚያ ላይ ይታወቃችኋል። በፆም ወቅት ከሆነ ከፆሙ ሰዓት በኋላ ያለውን ወረፋ መምረጥ ይሻላል።

ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የአንገት፣ የወገብ ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አይወጣም። የሚፈርሙት ቅጽ ላይ ይህ ሁሉ ተዘርዝሯል፤ ቅጹ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ያልገባችሁን አስተርጉሙ እንጂ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። አልኮል የቀመሰ ሰውን ሠራተኞቹ ይመልሱታል፤ ልክ ናቸው።

ልብስ

ሱሪ። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። የቀበቶው ማሰሪያ በሁለቱ ጭኖች መካከል ስለሚያልፍ ቀሚስ ይሰበሰባል፣ አጭር ቁምጣ ደግሞ ቆዳን ያስፍቃል። አባያ የምትለብሱ እህቶች ከሥር ሱሪ ልበሱና አባያውን ከዕቃችሁ ጋር አስቀምጡት። ነጠላም ነጠላ ጫማም አይሆንም። ነጠላው በንፋስ ተነስቶ ገመዱ ላይ ወደሚሽከረከሩት ጎማዎች ሊሳብ ይችላል፤ ነጠላ ጫማው ሸለቆ ውስጥ ይቀራል። የሚታሰር የስፖርት ጫማ አድርጉ፤ ማሰሪያውን ድርብ ቋጥሩና ትርፉን ወደ ውስጥ ክተቱት።

ረጅም ጸጉር ከሄልሜቱ፣ ከራስ መከላከያው ቆብ፣ ሥር መግባት አለበት። ሹሩባ የተሠራች እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። የተለቀቀ ጸጉር ወይም ዊግ ግን በጥብቅ መጠቅለል ይፈልጋል፤ በተለይ ተቀምጠው በሚወርዱበት ገመድ ላይ ራስ ለጎማው ቅርብ ስለሆነ ጸጉር ተስቦ የመግባት አደጋው እውነተኛ ነው። ሎቲ፣ ሐብል፣ ቀለበት፣ ሰዓት አውልቁ። የአንገት መስቀል ማውለቅ የማትፈልጉ ክሩን አሳጥራችሁ ከልብሱ ሥር ክተቱና ዚፑን እስከ ላይ ዝጉት።

ስልክ ኪስ ውስጥ ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። ከላይ የወደቀ ስልክ ጠፍቶ ብቻ አይቀርም፤ ከሥር ሰው ካለ ይገድላል። ቪዲዮ የምትፈልጉ ካሜራውን ከቦታው ተከራዩ ወይም ሄልሜቱ ላይ የሚገጠም መፈቀዱን ጠይቁ። መነጽር የምታደርጉ በላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ቀጭን ጃኬት ያዙ፦ 15 ዲግሪ የሆነ አየር በ120 ኪሎ ሜትር ሲመታችሁ የተራራ ጠዋት አይመስልም፣ በረዶ ቤት ይመስላል፤ ዓይንም ያስነባል።

ሚዛኑ ላይ

ደኅና ቦታ ክብደታችሁን አይጠይቅም፤ ይመዝናችኋል። ለፈጣን ገመዶች የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ከ40 ኪሎ ጀምሮ እስከ 130 ኪሎ ድረስ ነው፤ ቁመትም ቢያንስ 122 ሴንቲ ሜትር ይጠየቃል። ገደቡ ሊቀየር ስለሚችል በምታስይዙበት ቀን የተጻፈውን እመኑ። ዳር ላይ ያላችሁ፣ ልብስና ጫማ ተጨምሮ እንደሚመዘን አትርሱ።

ሰው የሚናደደው በላይኛው ገደብ ነው፤ የታችኛው ግን ከዚያ ያልተናነሰ ምክንያት አለው። ቀላል ሰው ከፊት ለፊት ንፋስ ከገጠመው ፍጥነቱን አጥቶ መድረሻው ሳይደርስ መሃል ላይ ይቆማል። ከባድ ሰው ደግሞ ከኋላ የሚገፋ ንፋስ ካገኘ ፍሬኑ ሊቀበለው ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ይዞ ይደርሳል። አንዳንድ ቦታ ለቀላሉ የአሸዋ ክብደት ይጨምሩለታል፤ ለከባዱ ከኋላው ንፋስ የሚይዝ ትንሽ ጨርቅ ያስሩለታል። ስለዚህ በሚዛኑ ላይ የወጣውን ቁጥር በእጃችሁ ወይም በካርዳችሁ ሲጽፉ ለቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ላይ ያለው ሠራተኛ ያንን ቁጥርና የንፋስ መለኪያውን አንድ ላይ አይቶ ነው የሚለቃችሁ።

ሃርነስ፣ ሄልሜት፣ ካራቢነር

ሃርነስ የሚሉት የማንጠልጠያ ቀበቶ ወገብ፣ ሁለት ጭንና ትከሻ ላይ ይታሰራል፤ በደረት ለመተኛት የሚሆነው ደግሞ ከደረት እስከ እግር የሚደግፍ ሰፊ ጨርቅ አለው። ሠራተኛው ያጠብቅላችኋል፤ እናንተ ግን ሦስት ነገር ራሳችሁ ፈትሹ።

የወገቡ ማሰሪያ ከዳሌ አጥንት በላይ መሆን አለበት። ዳሌ ላይ ወይም ከዚያ ዝቅ ካለ ተዘቅዝቆ የሚንጠለጠል ሰው ሊሾልክ ይችላል። ወደ ታች ጎትቱት፤ አጥንቱን አልፎ ከወረደ አልጠበቀም።

የጭኑ ማሰሪያ ውስጥ የተዘረጋ መዳፍ ይግባ፣ ጭብጥ ግን አይግባ። ወንዶች ከመጥበቁ በፊት ማስተካከል የሚገባችሁን አስተካክሉ፤ ገመድ ላይ ከወጣችሁ በኋላ አይቻልም። ከየዘለበቱ የሚተርፈው የማሰሪያ ጫፍ ቢያንስ አራት ጣት ያህል ይሁን፣ ተጣጥፎም ቦታው ይግባ። የሚንጠለጠል ጫፍ በዚያ ፍጥነት ፊትን እንደ አለንጋ ይገርፋል።

ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ላይ ይቀመጥ። ከአገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ አንድ ጣት የሚያስገባ ይሁን። ራሳችሁን ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁ፤ ሄልሜቱ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ልኩ አይደለም፣ ለውጡት። ስለ ዕቃው ጥራት ማወቅ የምትፈልጉ የሄልሜቱን ውስጥ ገልብጣችሁ እዩ፤ ለተራራ መውጫ የተሠራ ከሆነ ኢኤን (EN) 12492 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር ታትሞበታል። የቀበቶው ምልክት ላይ ደግሞ የተሠራበት ዓመት አለ። ፀሐይና ላብ ጨርቁን ያደክሙታል፤ ቀለሙ የነጣ፣ ስፌቱ የተበጣጠሰ ቀበቶ ካያችሁ «ሌላ ስጡኝ» ማለት አያሳፍርም።

ካራቢነሩን፣ ማለትም የሚቆለፈውን የብረት መንጠቆ፣ በቅርብ እዩት። ከትሮሊው፣ ማለትም ገመዱ ላይ ከሚሽከረከረው ባለ ጎማ ዕቃ፣ የሚያገናኛችሁ እሱ ነው። አንደኛው ጎኑ የሚከፈት ምላስ አለው፤ ምላሱ ላይ የሚዞር ወይም በራሱ የሚቆለፍ ቀለበት ይኖራል። ሲያስሯችሁ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ ድምፅ መዘጋቱን ይነግራል እንጂ መቆለፉን አይነግርም። ለመቆለፉ ማረጋገጫው በመዳፍ መጭመቅ ነው፦ ምላሱን ወደ ውስጥ ተጫኑት፤ ካልተከፈተ ተቆልፏል። ሠራተኛው ይህንን ሲያደርግ ካላያችሁት በትህትና እንዲያደርግ ጠይቁት። ማያያዣው ሁለት መሆኑንም ቁጠሩ፤ አንዱ ክብደታችሁን የሚሸከመው ዋናው፣ ሌላው ላላ ብሎ የሚንጠለጠለው መጠባበቂያ። ላላ ማለቱ ስህተት አይደለም፤ ዋናው ሲከሽፍ ብቻ ነው የሚወጠረው።

በሩ ላይ

ከመቀበያው በመኪና ወደ መነሻው ይወስዷችኋል። ወደ መድረኩ ስትወጡ ከመንጠቆው ሳትያያዙ ወደ ዳሩ አትጠጉ። ከዚያ ጠረጴዛ መሰል ነገር ላይ በደረት ያስተኟችኋል ወይም ከትሮሊው ጋር አያይዘው እግራችሁን ከኋላ ያነሱታል።

አንድ ሠራተኛ በሬዲዮ ከታች ካለው ጋር ያወራል። ፈጣን ዚፕላይን ላይ ከባዱን አደጋ የሚያስከትለው የገመድ መበጠስ አይደለም፤ እሱ እጅግ ብርቅ ነው። ይልቁንስ ከፊት ያለው ሰው ከመድረሻው ሳይነሳ ሌላው ሲለቀቅ የሚፈጠር ግጭት ነው፣ ወይም ፍሬኑ ወደ ቦታው ሳይመለስ የሚለቀቅ ሰው ነው። ስለዚህ ከታች «ገመዱ ነፃ ነው፣ ፍሬኑ ተመልሷል» የሚል መልስ ሳይመጣ ማንም አይለቀቅም። ጥበቃው ከረዘመ አትነጫነጩ፤ ደግሞም ሠራተኛውን በወሬ አትያዙት፤ ጆሮው ሬዲዮው ላይ ይሁን።

የፍርሃቱ ጣራ እዚህ ነው። አየር ወደ ውስጥ ስባችሁ አትያዙ፤ አብዛኛው ሰው ትንፋሹን ቋጥሮ ይለቀቅና መሃል ላይ ታፍኖ የታመመ ይመስለዋል። ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ሲለቀቅ ጩኹ። ጩኸት ለድፍረት ማነስ አይቆጠርም፤ ሳንባን በግድ ባዶ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ያለው ትንፋሽ በራሱ ይገባል። ወደ ታች አትዩ፣ ገመዱ የሚሄድበትን ከሩቅ እዩ። መተው የፈለገ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ መተው ይችላል፤ ከተለቀቀ በኋላ ግን የለም።

ገመዱ ላይ

የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጸጥ ያሉ ናቸው። ቀጥሎ የትሮሊው ኩሽኔታዎች ማፏጨት ይጀምራሉ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ፉጨቱ ይቀጥናል። ያ ድምፅ ጤነኛ ነው፤ የምትሰሙት የጎማው መሽከርከር ነው። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 33 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ የእግር ኳስ ሜዳን ከጎል እስከ ጎል በሦስት ሰከንድ ማለት ነው። የጀበል ጃይሱ በረራ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለማየት ይበቃል።

እግር ይገጠም፣ ይዘርጋ። የተከፈተ እግር ንፋስ ይይዛል፣ አንዱ ከሌላው ዝቅ ካለ ደግሞ ሰውነትን ወደ ጎን ያዞራል። እጆችን ሠራተኛው እንደነገራችሁ አድርጉ፦ አብዛኛውን ጊዜ ደረት ላይ ያለውን ማሰሪያ መያዝ ወይም ወደ ኋላ ጎን ላይ መዘርጋት ነው። እንደ ወፍ ወደ ጎን መዘርጋት ያምራል፣ ግን ፍጥነት ይቀንሳል። ከባድ የሆነ ሰው ቢያደርገው ግድ የለም፤ 45 ኪሎ የሆነች ልጅ ከፊት ለፊት ንፋስ እያለ ብታደርገው መሃል ላይ ልትቆም ትችላለች። አንገት ቶሎ ይደክማል፤ አገጭን ጥቂት አውርዶ በዓይን ወደ ላይ መመልከት ያሳርፈዋል። ንፋሱ አፍ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ከከለከለ ፊትን ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ በአፍንጫ መተንፈስ ነው።

አንድ ነገር በጭራሽ አይደረግም፦ ገመዱን መንካት። በዚያ ፍጥነት የብረት ገመድ ጓንትን ይቆርጣል፣ እጅን ይወስዳል፤ ጣት በጎማውና በገመዱ መሃል ከገባ ደግሞ አይመለስም። ትንንሽ መናፈሻዎች ውስጥ በጓንት ገመዱን እየተጫኑ ፍሬን የሚይዙበት ስልት አለ። እሱን የለመደ ሰው ፈጣን ገመድ ላይ እጁ ሳያውቀው ይዘረጋል፤ ስለዚህ ማሰሪያውን ጨብጡና እጃችሁን ሥራ አስያዙት።

ተቀምጣችሁ በምትወርዱበት አጭር ገመድ ላይ ችግሩ መሽከርከር ነው። እንጦጦ ፓርክ ያለውን ለመለማመጃ የምታደርጉ፣ ጉልበታችሁን ሰብሰብ፣ ሁለት እጃችሁን ማሰሪያው ላይ አድርጉ፤ ወደ ግራ ከዞራችሁ ማሰሪያውን በቀኝ በኩል ሳብ አድርጉ፣ በቀስታ ይመለሳል። በነገራችን ላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የሚይዘውም አየር ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን ለጀማሪ የሚጠቅመው የቀበቶውን ስሜት ማወቁ ነው።

ፍሬኑ

መድረሻው አጠገብ ገመዱ ላይ የተሰካ ረጅም ሞላ ወይም በገመድ የታሰረ ፍሬን ይጠብቃችኋል። ትሮሊው ይመታዋል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ የእናንተ ሰውነት ግን መሄዱን ይቀጥላልና እግራችሁ ወይም ራሳችሁ ወደ ፊት ይወነጨፋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። እጅና እግር ሰብሰብ ይበሉ፣ አንገት ጠንከር ይበል፣ ምላስ በጥርስ መሃል አይሁን። አዳዲስ ቦታዎች በማግኔት የሚሠራ ፍሬን አላቸው፤ ብረት ከብረት ስለማይነካካ አያስደነግጥም፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥርም ይበልጥ ይይዛል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ከኋላው ሁለተኛ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ፍሬን መኖር አለበት።

ጀበል ጃይስ ላይ የሚገርመው፣ የምትደርሱት መሬት ላይ አይደለም። ከሸለቆው በላይ 80 ሜትር ገደማ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ መድረክ ላይ ነው። እዚያ ከአንዱ ገመድ ፈትተው ወደ ሌላው ያዛውሯችኋል፤ ሁለተኛው 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ይዞ የሚወርደውም ቀስ ብሎ ነው። በዚህ ዝውውር ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ አዲሱ ሳይታሰር አሮጌው አይፈታም። እናንተም ምንም መንጠቆ በእጃችሁ አትንኩ፤ ለመርዳት ብላችሁም ቢሆን።

መሃል ላይ ከቆማችሁ

ፍጥነት ያጣ ሰው መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ በስተመጨረሻ ገመዱ በጣም የረገበበት ቦታ ላይ ያርፋል። ከመድረሻው ሠራተኛ በራሱ ትሮሊ፣ ገመድ እየጎተተ ይመጣል፤ ያያይዛችኋል፤ ሌሎች ከመድረኩ ሆነው ይስቧችኋል። አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በእጃችሁ ገመዱን እየሳባችሁ ለመድረስ አትሞክሩ፣ ካራቢነር አትንኩ፣ አትወዛወዙ። እግራችሁን ግን አንቀሳቅሱ፦ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ጉልበትን እጠፉ፣ ዘርጉ። ቀበቶ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ብዙ መንጠልጠል ደም እግር ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ላብ ከጀመራችሁ ለሚመጣው ሠራተኛ ወዲያው ንገሩት።

የት አትወጡ

ታዋቂ ገመዶች ላይ ይህ ሁሉ የተደራጀ ነው። ጥያቄው በየመዝናኛው በአዲስ የሚከፈተው ላይ ነው። ሳይመዝኑ የሚለቁ፣ ሬዲዮ የሌላቸው፣ ማያያዣው አንድ ብቻ የሆነ፣ መድረሻው ላይ ፍሬኑ አሮጌ ጎማ ወይም ፍራሽ ብቻ የሆነ ቦታ ካያችሁ ገንዘቡን ብትከፍሉም ተመለሱ። ጎማና ፍራሽ ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚቀመጥ ነው እንጂ ፍሬን አይባልም። ጥቂት ቆማችሁ ሦስት ሰው ሲወርድ ተመልከቱ፦ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ገደማ ደርሰው በእርጋታ ይቆማሉ? ወይስ አንዱ ሳይደርስ ይቀራል፣ ሌላው ተጋጭቶ ይነሳል? ዝናብ ጀምሮ ከቀጠሉ፣ በተለይ ፍሬኑ በእጅ የሚያዝ ከሆነ፣ እርጥብ ገመድ እንደሚያንሸራትት እወቁ። መብረቅ ከሩቅ ከተሰማ ተራራ አናት ላይ ከተዘረጋ ብረት ጋር ምንም ጉዳይ የላችሁም።

ከወረዳችሁ በኋላ

ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፤ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይለቃል። ውሃ ጠጡ፣ ጣፋጭ ነገር ቅመሱ። ዕቃ ከማስቀመጫው ስትወስዱ ቀለበትና ሎቲውን እዚያው ቁጠሩ። የሚነዳው ሰው እጁ እስኪረጋ ይቆይ። ቁልቁለቱ ከ30 ኪሎ ሜትር የማያንስ ጠመዝማዛ ስለሆነ ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ አውቶማቲክም ቢሆን ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አውርዱና ሞተሩ ይያዘው።